ሐረጎ ላይ የሚያድነው ክብደት አይደለም

ሰሞኑን «ለወሎ መንገድ ላንድክሩዘር 300 ወይስ ቮልቮ ኤክስሲ 90?» በሚል ርዕስ የወጣውን ጽሑፍ ያሳየኝ አንድ ደንበኛዬ ነው። ከመኪና ሥር ወጥቼ እጄን እንኳ ሳልታጠብ ስልኩን ዘረጋልኝ። የደሴ ነዋሪ ነው፤ አራት ልጆች አሉት። ለቤተሰቡ መኪና ሊገዛ ገንዘቡን አዘጋጅቶ ጨርሷል። «ይኸው፣ ላንድክሩዘር ነው ተብሏል» አለኝ። ጽሑፉን እዚያው ቆሜ አነበብኩት፣ ማታ ቤቴ ገብቼ ደገምኩት፣ ከዚያ በኋላ ዝም ማለት ከበደኝ።

ጸሐፊው ሁለቱን የቅንጦት መኪኖች በደህንነት አነጻጽረው ለላንድክሩዘሩ ፈርደዋል። ከባድ ነው፣ ሻንሲ (አካሉ የሚያርፍበት የብረት መሠረት) አለው፣ የደህንነት ፈተና ኮከቡ ከቮልቮው እኩል ነው፣ ኤርባጉ ይበልጣል፣ ካሜራና ራዳሩ ሹፌሩን ይጠብቃል፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን ቁልቁለት ያለ ሐሳብ ይወርዳል፣ ከፍ ያለ ነው፣ መለዋወጫው እንደ ልብ ይገኛል ይላሉ። ለአገራቸው መንገድ ተቆርቁረው እንደጻፉ ከአነጋገራቸው ይታወቃል፤ ለዚያ አክብሮት አለኝ። እኔ ኮምቦልቻ ላይ ፍሬንና መሪ በመጠገን ሃያ ዓመት ያለፈኝ መካኒክ ነኝ። ሁለቱንም መኪና አልሸጥም። አንዱን ከሌላው ለማስበለጥም አልተነሳሁም። የምከራከረው ደህንነትን በለኩበት ሚዛን ላይ ነው፤ ያ ሚዛን የደንበኛዬን ልጆች አይቆጥርምና።

በክብደቱ ልጀምር። «ሁለት መኪና ሲጋጭ ከባዱ ያሸንፋል፤ ላንድክሩዘሩ ደግሞ ግማሽ ቶን ያህል ይበልጣል» ብለዋል። ልዩነቱ ትክክል ነው። ላንድክሩዘሩ ወደ 2,500 ኪሎ፣ ቮልቮው ባትሪ ያልተጨመረበት ዓይነት ከሆነ ወደ 2,000 ኪሎ ይመዝናል። ሁለቱ ፊት ለፊት ቢላተሙ በከባዱ ውስጥ ያለው ሰው የሚደርስበት ምት እንደሚቀልም እውነት ነው። ነገር ግን በእኛ መንገድ ላይ ላንድክሩዘሩን የሚገጥመው ቮልቮ አይደለም። ከኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ጭኖ የሚወጣ ባለ ተሳቢ ነው፤ ያ ሙሉ ጭነት ሲይዝ 40 ቶን ይደርሳል። በ40 ቶን ፊት ግማሽ ቶን ከቁም ነገር አይገባም። ከዓለት ወይም ከድልድይ ግንብ ጋር ለሚላተም ሰው ደግሞ የመኪናው ክብደት ከኋላ የሚገፋው ጉልበት እንጂ ጋሻው አይደለም።

«ያሸንፋል» ሲሉ ተሸናፊው ማን እንደሆነም አልጻፉም። ከተማችን ውስጥ ተሸናፊው ባጃጅ ነው፤ ከትምህርት ቤት ልጆች ጭኖ የሚመለስ ባጃጅ። መኪና ፈታሾቹ ራሳቸው ይህን ጥያቄ ማንሳት ከጀመሩ ቆይተዋል። የአውሮፓው ዩሮ ኤንካፕ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ በሚያደርገው የፊት ለፊት ግጭት ሙከራ፣ የሚፈተነው መኪናና 1,400 ኪሎ የሚመዝን ተንቀሳቃሽ ጋሪ እያንዳንዳቸው በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄዱ እንዲላተሙ ይደረጋል። መኪናው ተሳፋሪውን ማትረፉ ብቻ አይበቃም፤ በጋሪው ፊት ላይ ክፉ ጉዳት ካደረሰ ነጥብ ይቀነስበታል። እዚያ ጉድለት ተብሎ የሚቀነሰውን እኛ እንደ ድል ልንቆጥረው አይገባም።

ሁለተኛው ሻንሲ ነው። «ላንድክሩዘር በሻንሲ ላይ የቆመ ነው፤ ቮልቮ ግን ሲመታ እንደ ቆርቆሮ ይጨማደዳል» የሚለው ዓረፍተ ነገራቸው ጋራዥ ውስጥ በየቀኑ የምሰማው ነው። እናቶቻችን ሰኞ ባቲ ገበያ እንቁላል ሲወስዱ ቅርጫቱ ውስጥ ጭድ ይጎዘጉዛሉ። ጭዱ ይጨማደዳል፤ እንቁላሉ ይተርፋል። እንቁላሉን በብረት ሣጥን ውስጥ ያለ ጭድ ያስቀመጠች ሴት ሣጥኗን ደህና አድርጋ፣ እንቁላሏን ግን ፈሳሽ አድርጋ ትደርሳለች። ቤላ ባረኒ የተባለው የመርሴዲስ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ያመጣው ሐሳብ ይኸው ነው፤ የመኪናው ፊትና ኋላ ይጨማደድ፣ ሰው የሚቀመጥበት ክፍል ግን አይነቃነቅ። የዛሬው ላንድክሩዘር 300 ራሱ ሻንሲ ላይ ይቁም እንጂ ፊቱ እንዲጨማደድ ተደርጎ የተሠራ ነው። ቮልቮው ደግሞ ሰው የሚቀመጥበትን ክፍል ቦሮን በተጨመረበት እጅግ ጠንካራ ብረት ከቦታል። ስለዚህ ከአደጋ በኋላ ፓራውልቱና ኮፈኑ ደህና መሆኑን አይቶ «ወይ መኪና!» የሚል ሰው፣ ምቱ የት እንደሄደ ይጠይቅ። ብረቱ ካልዋጠው ተሳፋሪው ውጦታል።

ስለ ኮከቡ ብዙ አልልም። «ሁለቱም 5 ኮከብ ስላላቸው በዚህ እኩል ናቸው» ይላሉ። ቮልቮ ኤክስሲ 90 አምስቱን ኮከብ ከዩሮ ኤንካፕ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው፤ ለአዋቂ ተሳፋሪ ጥበቃ 97 በመቶ፣ ለልጆች 87 በመቶ፣ ለእግረኛ 72 በመቶ። ላንድክሩዘር 300 ያገኘው ደግሞ ከአውስትራሊያና ኒውዚላንዱ የመኪና ፈታሽ ከአንካፕ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። በመካከል ፈተናው ተቀይሯል፤ ቀደም ብዬ የጠቀስኩት የጋሪ ሙከራ ራሱ በ2015 አልነበረም። የድሮ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ያለፈና የዘንድሮን ያለፈ ተማሪ ሁለቱም «አልፈዋል» ይባላል እንጂ ውጤታቸው ጎን ለጎን አይቀመጥም። ይህ ነጥብ እንዲያውም ለላንድክሩዘሩ ያደላል፤ የወሰደው ፈተና የከበደው ነውና። ጸሐፊው ለራሳቸው ወገን የሚሆነውን ማስረጃ ሳያዩት አልፈዋል።

ኤርባጉ ጋ ስደርስ ግን ቀስ ማለት አለብኝ። «አሥር ኤርባግ ከሰባት ይበልጣል» ብለዋል። የኤርባግ ቁጥር መኪናው ለየትኛው አገር ገበያ እንደተሠራና እንደ ደረጃው ይለያያል፤ ወደ እኛ የሚገቡት ደግሞ ብዙዎቹ ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የመጡ ናቸው። በካታሎግ ላይ ያለው ሁሉ በሩ ላይ በቆመው መኪና ውስጥ አለ ማለት አይደለም። ከቁጥሩ በፊት መጠየቅ ያለበት ኤርባጉ መኖሩ ነው።

አንድ ቀን መሪው ይንቀጠቀጣል ተብሎ የመጣ፣ ያገለገለ ትልቅ የቤተሰብ መኪና ነበር። የማስጠንቀቂያ መብራቱ እንደ ማንኛውም ጤነኛ መኪና ቁልፍ ሲዞር በርቶ ይጠፋል። መሪውን ለመፍታት የመሃሉን ክዳን ሳነሳ ውስጡ ባዶ ነው። ኤርባጉ ያለበት ቦታ ላይ የተጣጠፈ ጨርቅ ተወትፏል፤ ክዳኑ እንዳይንቋቋ ነው። ከሽቦው ጫፍ ላይ አንዲት ትንሽ ሬዚስተር ተበይዳለች፤ ኮምፒውተሩን «ኤርባግ አለ» ብላ የምታታልል። መኪናው ከዚያ በፊት ተጋጭቶ፣ ኤርባጉ ፈንድቶ፣ በርካሽ ተጠግኖ የተሸጠ ነው። ባለቤቱ አጠገቤ ቆሞ ያችን ጨርቅ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ለረጅም ጊዜ አያት። ሦስት ዓመት ሙሉ ቤተሰቡን ጭኖባታል። ለዚህ ሰው አሥርና ሰባትን ማነጻጸር ምን ይረባዋል? ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሁሉ ከመክፈሉ በፊት በኮምፒውተር ያስመርምር፤ እሱ ብቻ አይበቃም፣ ክዳኑንም ያስከፍት።

የተሳካለት ኤርባግ እንኳ ብቻውን አይሠራም። የፊቱ ኤርባግ የሚሞላው ከዓይን ጥቅሻ በፈጠነ ጊዜ ነው፤ ሞልቶም ወዲያው ይተነፍሳል። ቀበቶ ያላሰረ ሰው ኤርባጉ ገና እየተዘረጋ ሳለ ይደርስበትና ኤርባጉ ራሱ መቺ ይሆናል። መኪናው ሁለት ሦስት ጊዜ ሲገለበጥም የፊቱ ኤርባግ በመጀመሪያው ምት ሥራውን ጨርሷል፤ ከዚያ በኋላ ሰውን ወንበሩ ላይ የሚያቆየው ቀበቶ ነው።

በአምስተኛው ነጥብ ጸሐፊው «ሹፌሩ ቢያንቀላፋ እንኳ ካሜራና ራዳሩ መኪናውን ከመስመር አያስወጡትም» ብለዋል። ይህን አንባቢ አምኖ ሌሊት ከደሴ ወልዲያ እንዳይነዳ እሰጋለሁ። ካሜራው መስመር የሚጠብቀው በዋናነት በአስፋልቱ ላይ የተቀባ መስመር ሲያይ ነው። በውጫሌና በመርሳ በኩል ስንት ቦታ ላይ ቀለሙ ተፍቆ እንደጠፋ የሚነዳበት ሰው ያውቀዋል። በክረምት ጉም ሲወርድ ሰው ያላየውን ካሜራም አያየውም።

ከዚያ ደግሞ እኛው የምንጨምረው አለ። ላንድክሩዘር የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያሠራው የፊት መከላከያ ብረት ነው። የመኪናው ራዳር የተቀመጠው ፊቱ ላይ፣ ከአርማው ኋላ ነው፤ ብረቱን ፊቱ ላይ ሲበይዱበት ዓይኑን ጋረዱት። እ.ኤ.አ. የ2015ቱ ቮልቮ ራዳሩንና ካሜራውን ከፊት መስታወቱ ኋላ፣ ከላይ ስላደረገ ከዚህ ይድናል፤ ነገር ግን መስታወቱ ተሰብሮ ሲቀየር ካሜራው እንደገና መስተካከል አለበት፤ ለዚያ የሚሆን መሣሪያ በአካባቢያችን አላየሁም። እንስሳን በተመለከተ ቮልቮ ኤልክ (ትልቅ የአጋዘን ዝርያ)፣ አጋዘንና ፈረስ የሚለይ ሥርዓት ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ2017 ግን ይኸው ሥርዓት በአውስትራሊያ ካንጋሮ እንዳምታታው ኩባንያው ራሱ ተናግሯል፤ ካንጋሮው ሲዘል ርቀቱ ይሳሳትበታል። ከባቲ በኩል ምሽት ላይ አስፋልቱን የሚያቋርጥ የግመል መንጋ ይህ ኮምፒውተር የሠለጠነበት ነገር አይደለም። እነዚህ መሣሪያዎች ጥሩ ናቸው፤ ብዙ ሰው አትርፈዋል። ለሚያንቀላፋ ሹፌር ግን መድኃኒቱ መኪናውን አቁሞ መተኛት ነው።

አሁን ወደ ሐረጎ። «ላንድክሩዘር ግዙፍ ፍሬን ስላለው ሐረጎን ያለ ሐሳብ ይወርዳል» የሚለውን ሳነብ ነው ይህን ምላሽ ለመጻፍ የወሰንኩት። ከደሴ ኮምቦልቻ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ነው፤ በዚያ ውስጥ ከፍታው ወደ 600 ሜትር ይወርዳል። አንድ መኪና 600 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት፣ ያው መኪና በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር እየሄደ 15 ጊዜ ቀጥ ብሎ ሲቆም ፍሬኑ ከሚውጠው ጉልበት ጋር እኩል ነው። ይህን ማንም የፊዚክስ መምህር በአንድ መስመር ያሰላዋል። ክብደቱ ከስሌቱ ስለሚወጣ ለቮልቮውም ለላንድክሩዘሩም ቁጥሩ ያው 15 ነው። ልዩነቱ ከባዱ በእያንዳንዱ ማቆም ብዙ ሙቀት ማመንጨቱ ነው፤ ትልቅ ዲስክ የተሰጠውም ለዚያ ትልቅ ሙቀት እንጂ ለትርፍ አይደለም። ነፋስና ሞተር ከዚህ ሙቀት ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ሞተሩ ድርሻውን በሙሉ የሚወስደው ግን ሹፌሩ ማርሽ ሲቀንስ ነው። ነዳጅ እቆጥባለሁ ብሎ በፎሌ፣ ማርሽ ሳያስገባ የሚወርድ ሰው ሁሉንም ፍሬኑ ላይ ጭኖታል።

ባለፈው ክረምት አንድ ላንድክሩዘር ከሐረጎ ወርዶ በቀጥታ ወደ እኔ መጣ። ሹፌሩ ከመኪናው ሲወርድ ጉልበቱ ይንቀጠቀጥ ነበር። «የመጨረሻዎቹ ኩርባዎች ላይ ፔዳሉ ወለል ነካ» አለኝ። ጎማዎቹ አካባቢ የተቃጠለ ሸራ ይሸታል። የፍሬን ሸራው ገና ብዙ ይቀረዋል፤ ዲስኮቹ ደህና ናቸው። የፍሬን ዘይቱን በጠርሙስ ቀድቼ ወደ ብርሃን ሳነሳው ሁለተኛ ቡና ይመስላል። ከተገዛ ጀምሮ ተቀይሮ አያውቅም።

የፍሬን ዘይት ከአየር ውኃ ይስባል። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሲሆን የሚፈላው ቢያንስ 230 ዲግሪ ላይ ነው፤ ውኃ ከሳበ በኋላ መለኪያው ወደ 155 ዲግሪ ይወርዳል። ዶት 3 ከሆነ ከ205 ወደ 140። ዘይቱ ሲፈላ በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ደግሞ ሲጫኑት ይጨመቃል እንጂ ፍሬኑን አይገፋም። ፔዳሉ ወለል የሚነካው ለዚህ ነው። ያ ሹፌር የዳነው ማርሹን በእጁ ወደ ታች አውርዶ፣ የእጅ ፍሬን ጨምሮ ነው። በየሁለት ዓመቱ መቀየር የነበረበት አንድ ሊትር የማይሞላ ዘይት ነው ገደል አፍ ላይ ያቆመው። ቮልቮ ቢሆን ያው ነበር። ሁለቱም አውቶማቲክ ናቸው፤ ሁለቱም ሹፌሩ ማርሹን በእጁ ዝቅ አድርጎ እንዲይዝ ይፈቅዳሉ። ሐረጎን የሚያወርደው ይህ ነው፤ «ያለ ሐሳብ» ግን ማንም አይውረደው።

«ከፍ ያለ መኪና ሁሉን ከላይ ስለሚያይ ደህና ነው» የሚለውን በአጭሩ ልለፈው። ከፍ ያለ መኪና ኩርባ ላይ ለመገልበጥም ይቀርባል፤ በዚህ ሁለቱም ከቤት መኪና ያንሳሉ። ጣሪያው ላይ ሻንጣና በግ ሲጫንበት ይብሳል። ከመንገድ ለሚወጣ መኪና ደግሞ ቮልቮው እ.ኤ.አ. በ2015 ሞዴሉ ያመጣው አንድ ነገር አለ፤ መኪናው ከመንገድ መውጣቱን ሲያውቅ የፊት ቀበቶዎቹን ያጠብቃል፤ ወንበሩ ውስጥ ያለው ብረትም ከታች የሚመጣውን ምት ለመዋጥ ተጣጥፎ አከርካሪን ያተርፋል። ቦይ ውስጥ ለገባ መኪና የተሠራ ነው፤ ከጥልቅ ገደል አያወጣም። እንደ እኛ ላለ፣ የመንገዱ ዳር ቦይ ለሆነበት አገር ግን ጸሐፊው በአንድ ቃል እንኳ አለማንሳታቸው ቅር አሰኝቶኛል።

ከዚህ የበለጠ ቅር ያሰኘኝ በዚያ ሁሉ ጽሑፍ ውስጥ «የኋላ ቀበቶ» የሚል ቃል አለመኖሩ ነው። ባለ ሦስት ነጥቡን ቀበቶ እ.ኤ.አ. በ1959 የሠራው የቮልቮው መሐንዲስ ኒልስ ቦሊን ነው፤ ኩባንያው ሌሎች አምራቾችም እንዲጠቀሙበት ፈቀደ። ዛሬ ላንድክሩዘሩም ውስጥ ያለው እሱ ነው። እኛ ዘንድ ግን ከኋላ የሚቀመጥ ሰው አያስረውም። መኪና ሲገዛ ወዲያው የወንበር ልብስ ይሰፋለታል፤ ልብሱ የቀበቶውን መያዣ ሸፍኖ ከሥር ይቀብረዋል። ወንበሩ ጎን ላይ ያለውንም ኤርባግ አብሮ ይጠቀልለዋል፤ መውጫ ያሳጣዋል። ስልኩን የሰጠኝን ደንበኛዬን አሁን የያዛትን መኪና የኋላ በር ክፈት አልኩት። ልብሱን ወደ ላይ ገልብጬ እጄን ሰድጄ ሦስቱን መያዣዎች አንድ በአንድ አወጣኋቸው። አንዱ ውስጥ የብስኩት ፍርፋሪና የልጅ ጸጉር ማስያዣ ነበር። ትንሿ ልጁ የት ነው የምትቀመጠው ብዬ ጠየቅኩት። «እናቷ ጭን ላይ» አለኝ።

በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በግማሽ ሜትር ውስጥ ሲቆም 10 ኪሎ የምትመዝን ልጅ በእናቷ ክንድ ላይ 200 ኪሎ ያህል ሆና ትከብዳለች። ይህን የሚይዝ ክንድ የለም፤ የእናትም ቢሆን። ቮልቮው ላይ ከሁለተኛው ረድፍ መካከለኛ ወንበር ውስጥ ተጣጥፎ የሚነሳ የልጅ መቀመጫ ሊገጠም ይችላል፤ ለትልልቆቹ ልጆች ነው። ላንድክሩዘሩም የልጅ ወንበር ማሰሪያ ነጥቦች አሉት። በየትኛውም መኪና ቢሆን ለትንሿ ልጅ የራሷ ወንበር ይገዛላት፤ ዋጋው ከአንድ ጎማ ብዙም አይርቅም።

በመለዋወጫው ጉዳይ ከጸሐፊው ጋር ነኝ። ወገል ጤና ወይም መቅደላ ጭቃ ላይ ለሚሠራ ሰው፣ ሌሊት በረሃ ላይ መቆም ራሱ አደጋ ለሆነበት ሰው ላንድክሩዘር ይሻላል፤ የሚያውቀው መካኒክና ዕቃው በየከተማው አለ። ቮልቮ ኮምቦልቻ ላይ ቢቆም እኔ ራሴ ዕቃ ፍለጋ አዲስ አበባ መደወሌ አይቀርም። ኑሮው ደሴ ከተማ ሆኖ አስፋልት ለአስፋልት ልጆቹን ለሚያመላልሰው ለደንበኛዬ ግን፣ ታሪኩ የታወቀ ንጹሕ ቮልቮ ካገኘ እንዳይፈራው ነግሬዋለሁ።

አንድ የቀረ ነገር አለ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ አዲስ የሚመጡት ትልልቅ መኪኖች በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ናቸው፤ ጽሑፉ ይህን «ያው ነው» ብሎ አልፎታል። ሐረጎ ላይ ያው አይደለም። የኤሌክትሪክ መኪና ቁልቁለት ሲወርድ ሞተሩ መኪናውን ይይዝና የሚገኘውን ኃይል ወደ ባትሪው ይመልሳል። ባትሪው ሙሉ ከሆነ ግን የሚመልስበት ቦታ ስለሌለው ያዡ ይላላል፤ ሥራው ተመልሶ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። 2,500 ኪሎ የሚመዝን መኪና ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ቢበዛ 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው፤ ለትልቅ ባትሪ ከመቶ አራት አምስት እጅ ቢሆን ነው። ስለዚህ ደሴ ላይ ቻርጅ የሚያደርግ ሰው 90 በመቶ ላይ ይንቀለው፤ ቀሪውን ሐረጎ ይሞላለታል።